ማሲንቆው ሳይሆን ደጋኑ

(በአሰላ አካባቢ ለጎልማሳ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ማሲንቆ ነው። ማሲንቆ ምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት «ለቀባሪው አረዱት» ይሆንብኛል። በሠርግ ሰምታችሁታል፣ በበዓል ሰምታችሁታል። የኔ ነገር ግን ስለ ማሲንቆው አይደለም። መቺው በቀኝ እጁ ይዞ ስለሚገዘግዝበት ስለ ደጋኑ ነው።

ሰው ሁሉ ማሲንቆውን ያያል። ቆዳው ሲቀደድ ይለበጣል፣ አንገቱ ሲሰበር ይጠገናል፣ ከጭስና ከአይጥ ተጠብቆ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ደጋኑስ? ደጋኑ የትም ወድቆ ይገኛል። እንዲያውም አንድ ቤት ልጆች ጥጃ ሲመልሱበት አይቻለሁ። እኔ የምለው ይህ ነው፦ የማሲንቆ ግማሽ ድምፁ ከደጋኑ ነው የሚመጣው። ስለዚህ «ይህ ማሲንቆ ሞቷል» ብላችሁ ከመጣላችሁ በፊት ደጋኑን እዩት።

ይህን ነገር ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከመካከላችን አንድ ወጣት አለ፤ ስሙን አልጠራም፤ ይኸው እየሳቀ ነው። ከአባቱ የወረሰው ማሲንቆ አለው። አባቱ በዚያ ማሲንቆ ስንት ሠርግ አድምቀዋል። ልጁ ሲመታው ግን ድምፁ እንደ ጉንፋን ያዘው ሰው ታፈነ። ጊዜው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ሠርግ የሚበዛበት። ሁለት ቦታ ተጠርቷል። ምን አሰበ መሰላችሁ? ጊደሯን ሸጦ፣ አዲስ አበባ ወርዶ፣ አዲስ ማሲንቆ ሊገዛ። ጊደር! ነገ ላም የምትሆን ጊደር! ነገሩ እዚህ ሲደርስ ነው አንድ ሽማግሌ የገቡበት። ምን እንዳደረጉ እነግራችኋለሁ። አስቀድሜ ግን ድምፅ ከማሲንቆ እንዴት እንደሚወጣ ልንገራችሁ። ያን ካላወቅን የሽማግሌውን ሥራ አንረዳውም።

ክራር ሲመታ ጣት ክሩን ሳብ አድርጎ ይለቀዋል። ክሩ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ ይሰማል፣ ወዲያው ይከስማል። ማሲንቆ እንደዚያ አይደለም። ደጋኑ እስከተጎተተ ድረስ ድምፁ አይቋረጥም። ለምን? በደጋኑ ላይ የተወጠረው ጭራ ክሩን ይይዘዋል፤ ይዞም ይጎትተዋል። ክሩ ሲበዛበት ያመልጣል። አምልጦ ሲመለስ ጭራው እንደገና ይይዘዋል። ያዝ፣ ለቀቅ፤ ያዝ፣ ለቀቅ። የጎተራ በር ሲከፈት ሲጢጥ የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ እንጨቱ እንጨቱን ያዝ ለቀቅ ሲያደርገው።

ይህ ያዝ ለቀቅ የሚሆነው በጣም በፍጥነት ነው። ፈረንጆች ቫዮሊን የሚሉት መሣሪያ አለ። የማሲንቆ ዘመድ በሉት፤ አራት ክሮች አሉት፣ ከአገጭ ሥር ተይዞ በደጋን ይመታል። አዲስ አበባ ባለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ማሲንቆም ቫዮሊንም ትምህርት ይሰጥባቸዋል። የቫዮሊን አንዱ ክር «ላ» ይባላል። ያ ክር በአንድ ሰከንድ ውስጥ 440 ጊዜ ያህል ይያዛል፣ ይለቀቃል። ሰከንድ ማለት «አንድ ሺህ» ብላችሁ ቃሉን እስክትጨርሱ ያለው ጊዜ ነው። በዓይን አይታይም። ሄርማን ሄልምሆልትዝ የሚባል የጀርመን ሊቅ በአጉሊ መነጽር ተከታትሎ ደረሰበት፤ እ.ኤ.አ. በ1863 ባሳተመው መጽሐፍም አስረዳ።

ታዲያ ነገሩ ሁሉ ያለው ከአያያዙ ላይ ነው። ጭራው ክሩን በደንብ ከያዘው ድምፁ ሙሉ ይሆናል። ካልያዘው ያፏጫል። ከመጠን በላይ ከያዘው ደግሞ ያንቀዋል፤ ድምፁ ይሻክራል። እዚህ ላይ የእርሻችሁን ነገር አስቡ። ዕርፉን ብትጫኑት ማረሻው ይጠልቃል፤ በሬው ይደክማል፣ ሞፈሩም ሊሰበር ይችላል። ዕርፉን ብታቀሉት ማረሻው መሬቱን ጭሮ ያልፋል። በሬው ያው፣ መሬቱ ያው ነው፤ የተለወጠው ጫናው ነው። ሞፈሩ ከባድ ከሆነ ሳትጫኑትም ይጫናል። ደጋንም እንደዚሁ ነው። ከባድ ደጋን በራሱ ክብደት ክሩን ይጫናል። ቀላል ደጋን መቺው በእጁ ካልረዳው አይዝም።

ወደ ሽማግሌው ልመለስ። እኒህ ሰው በወጣትነታቸው ማሲንቆ ይመቱ ነበር፤ አሁን ጣታቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። ልጁን «እስቲ ምታ» አሉት። መታ። ጥቂት ሰሙና «ልጄ፣ ማሲንቆው አልሞተም፤ አንተ ነህ ያነቅኸው» አሉት። ልጁም «አባባ፣ እኔማ አባቴ እንዳሳየኝ ነው የምመታው» አለ። «እጅህ ደህና ነው፤ ደጋኑን አምጣው» አሉ።

ደጋኑ ልጁ ራሱ የሠራው ነው፤ የአባቱ ከጠፋ ቆይቷል። የቆረጠው ከወይራ ነው። ወይራ ጥሩ እንጨት ነው፤ ግን ከባድ ነው። ደግሞ በእርጥቡ አጉብጦ ጭራ አሰረበት። እርጥብ እንጨት ታጥፎ ሲደርቅ እንደታጠፈ ይቀራል፤ መልሶ የመግፋት ጉልበቱን ያጣል። የደጋን ሥራ ደግሞ መግፋት ነው። እንጨቱ ልቃና ብሎ ወደ ውጭ ሲገፋ ነው ጭራው የሚወጠረው። የልጁ ደጋን ጭራ ላልቶ፣ በክሩ ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይተኛ ነበር።

ሽማግሌው ከቤታቸው የራሳቸውን የዱሮ ደጋን አስመጡ፤ ከክትክታ የተሠራ ነው። አንዱ ጎረቤት ደግሞ ከቀርከሃ ፍላጭ የተሠራ ቀላል ደጋን ነበረው። እኛም አንድ ነገር አደረግን። ሰዎቹ ከአዳራሹ ውጭ እንዲቀመጡ፣ ልጁ ውስጥ ሆኖ አንዱን ዜማ በሦስቱም ደጋን እንዲመታው። ማሲንቆው አንድ፣ መቺው አንድ፣ ደጋኑ ሦስት። ውጭ ለነበሩት ምንም አልነገርናቸውም። ሲጨርስ «ስንት ማሲንቆ ሰማችሁ?» አልናቸው። «ሦስት» አሉ። አንዱማ «ሁለተኛውን ከየት አመጣችሁት? ልግዛው» ብሎ ነበር።

በወይራው ደጋን ድምፁ ወፍራም ነው፤ ግን ይታፈናል። ዜማው ሲፈጥን ደጋኑ ይዘገያል፤ ድምፁ ከድምፁ ይደባለቃል። በቀርከሃው ዜማው ይሮጣል፣ ጥርት ይላል። ሆኖም ቀጭን ነው፤ ጭብጨባና እልልታ ባለበት አይሰማም። ልጁ ጮክ ይበል ብሎ ሲጫነው አፏጨ። በክትክታው ሁለቱም ተገኘ፤ ሙላትም ፍጥነትም። ብዙዎቹ ለሠርግ ይህን መረጡ። አንዲት እናት ግን «ለትዝታ ከሆነ የቀርከሃው ይሻለኛል፤ ሰውዬው ለብቻው የሚያንጎራጉር ይመስላል» አሉ። እውነታቸውን ነው። ደጋን እንደ ዘፈኑ ነው የሚመረጠው፤ አንድ ደጋን ለሁሉ አይሆንም።

ርዝመቱም ነገር አለው። አጭር ደጋን ቶሎ ያልቃል። ያን ጊዜ መቺው አቅጣጫ መለወጥ አለበት፤ ሄደ፣ መለሰ። ፈጣን ለሆነ ጭፈራ ይህ ጥሩ ነው፤ ምቱን ያሳምረዋል። ቀስ ብሎ ለሚፈስ ዜማ ግን ረጅም ደጋን ያስፈልጋል፤ በአንድ ጉተታ ብዙ ድምፅ ያወጣል።

በነገራችን ላይ፣ ስሙን ልብ ብላችሁታል? የቀስት እንጨት ደጋን ይባላል። ጥጥ የሚነደፍበትም ደጋን ነው። የማሲንቆውም ደጋን ነው። ሦስቱም የጎበጠ እንጨትና የተወጠረ ጅማት ወይም ጭራ ናቸው። የሌላውም አገር ሰው በዱሮ ጊዜ የነበረው ደጋን እንደኛው ወደ ውጭ የጎበጠ ነበር። ቫዮሊንም መጀመሪያ የሚመታው በእንደዚያ ያለ ደጋን ነው።

ያን የለወጠው በይበልጥ አንድ የፓሪስ ሰው ነው። ፓሪስ የፈረንሳይ አገር ዋና ከተማ ናት። ሰውየው ፍራንስዋ ቱርት ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1747 ተወልዶ በ1835 ሞተ። አባቱ ደጋን ሠሪ ነበር። እሱ ግን መጀመሪያ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ነው ስምንት ዓመት የሠራው። በኋላ ወደ አባቱ ሙያ ተመለሰ። መለማመጃ እንጨት የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው ስኳር የሚመጣበትን በርሜል እየፈታ በዚያ ይለማመድ ነበር ይባላል። ቱርት እንጨቱን በእሳት እያሞቀ ወደ ውስጥ፣ ወደ ጭራው አጎበጠው። ማለት የኛን ደጋን ገልብጣችሁ አስቡት። እንጨቱ ወደ ጭራው ስለ ጎበጠ፣ ጭራው ሲወጠር እንጨቱ እንደ ወጥመድ ዘንግ ጉልበት ያጠራቅማል። የሚሞቀውም ላይ ላዩን አልነበረም፤ እስከ ልቡ ድረስ ነው። ላይ ላዩን ብቻ ከሞቀ ቆይቶ ይቃናላ።

የቫዮሊን ደጋን ርዝመቱ ከ74 እስከ 75 ሳንቲሜትር፣ ክብደቱ 60 ግራም ገደማ ነው። ከአንድ ኪሎ ውስጥ አሥራ ስድስት ደጋን ይወጣል ማለት ነው። በላዩ ከ150 እስከ 200 የሚሆን የፈረስ ጭራ ይወጠራል። እንጨቱ ብራዚል ከሚባል አገር የሚመጣ ፔርናምቡኮ የሚሉት ዛፍ ነው። ያ ዛፍ በብዛት ስለ ተቆረጠ ሊያልቅ ደርሷል። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ንግዱን ዓለም አቀፍ ስምምነት ይቆጣጠረዋል። ለደጋን ብቻ አልነበረም የተቆረጠው፤ ቀድሞ ቀይ ቀለም ያወጡበት ነበር። ያም ሆነ ይህ፣ የኛን ወይራና ዝግባ ሳስበው ነገሩ ከልቤ አይወጣም።

ስለዚህ ስለ ቱርት አንድ ነገር ልጨምር። ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር፤ የሕይወቱን ታሪክ የጻፉት እንዲህ ይላሉ። ዛሬ የዓለም ቫዮሊን መቺ ሁሉ የሱን ፈለግ በተከተለ ደጋን ይመታል። ግን እንጨቱን ከየት ጀምሮ ምን ያህል እንዳቀጠነው በጽሑፍ አልተወልንም። ከሱ በኋላ ቪዮም የሚባል የፓሪስ መሣሪያ ሠሪ የቱርትን ደጋኖች አንድ በአንድ ለክቶ ነው ልኩን ያወጣው። በኛም መንደር ያ ሽማግሌ ደጋኑን ምን ያህል እንዳጎበጠው፣ ጭራውን ስንት እንዳደረገው የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ልጃቸው እዚህ ከእናንተ ጋር ፊደል የቆጠረች ናት። በዚያ ሰሞን አባቷን እየጠየቀች በደብተሯ ጻፈችው፤ ስንት ስንዝር፣ ስንት ጣት፣ እንጨቱ በየትኛው ወር እንደሚቆረጥ። «ጭራ» ስትጽፍ «ጭ»ን ከ«ጨ» ታምታታለች፤ ግድ የለም፣ ይነበባል።

አሁን ወደ ጭራው እንምጣ። በዚህ ጉዳይ የአርሲ ሰው የሚቀናበት እንጂ የሚቀና አይደለም። ከአሰላ እስከ በቆጂ፣ ከጭላሎ ሥር እስከ ካካ ያለው ደጋ የፈረስ አገር ነው። የፈረንጅ ደጋን ሠሪዎች ጭራ ከሞንጎሊያና ከሳይቤሪያ ያስመጣሉ፤ ብርዳማ አገር ያለ ፈረስ ጭራው ጠንካራ ነው ይላሉ። ሞንጎሊያ ሕዝቧ እንደናንተ ፈረስ ወዳድ ነው። እነሱም ሁለት ክር ያለው፣ በደጋን የሚመታ መሣሪያ አላቸው፤ በአናቱ ላይ የፈረስ ራስ ይቀረጽበታል። እንደ ልማዳቸው አንዱ ክር ከድንጉላ ፈረስ 130 ጭራ፣ ሌላው ከባዝራ 105 ጭራ ነው።

ለደጋን ግን የድንጉላ ይመረጣል። ምክንያቱን እናንተ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ባዝራ ስትሸና ጭራዋ ይነካዋል። ሽንት የነካው ጭራ ቶሎ ይበላሻል፣ ይበጠሳል። ስለ ቀለሙ ደግሞ፣ ነጩ ጭራ ቀጠንና ለስለስ ያለ ስለሆነ ለቫዮሊን ይወሰዳል፤ ጥቁሩ ሸካራ ስለሆነ ክሩን አጥብቆ ይይዛል፣ ወፍራም ድምፅ ላለው ለትልቁ መሣሪያ ይውላል። በማሲንቆ ሁለቱም ይሠራሉ፤ ሞክራችሁ የሚስማማችሁን ያዙ። የጭራው ብዛትም ድምፁን ይለውጣል። ሲበዛ ድምፁ ይወፍራል፤ ሲያንስ ይቀጥናል፣ ይጠራል። ግን ብዙ ጭራ ለመወጠር ጠንካራ እንጨት ይፈልጋል። በቀርከሃ ላይ ጭራ አብዝታችሁ ብታስሩ ላልቶ ይቀራል።

ጭራ ብቻውን ክር አይዝም። አዲስ ጭራ ያለ ሙጫ በክሩ ላይ ቢጎተት ድምፅ የለም፤ ውሃ በድንጋይ ላይ እንደሚሄድ ተንሸራቶ ያልፋል። የሚይዘው ዕጣኑ ነው። የኛ መቺዎች ዕጣን ወይም ሌላ የዛፍ ሙጫ ጭራውን ይቀቡታል። ፈረንጆችም ከዛፍ ሙጫ ያነጠሩትን ነው የሚቀቡት። ሲያንስ ያፏጫል፤ ሲበዛ ይንጫጫል፣ ዱቄቱም በማሲንቆው ቆዳ ላይ ይረግፋል። በማሲንቆ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ክሩም ጭራ፣ ደጋኑም ጭራ ነው። ጭራ በጭራ ላይ። የቫዮሊን ክር ግን ከብረት ወይም ከአንጀት ነው የሚሠራው።

የዕጣን ጠላት ቅባት ነው። ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። ቅቤ የነካው እጅ ጭራውን ከነካ ያ ቦታ ከዚያ በኋላ አይዝም፤ ዕጣን ብትጨምሩበትም አይሻለውም። በሠርግ ቤት ደግሞ ቅቤ የሌለበት ምን አለ? ጨብሰው ይበላሉ፣ ደጋኑን ያነሣሉ፣ «ማሲንቆው ዛሬ እምቢ አለ» ይላሉ። ቅባት የነካውን ጭራ በሳሙናና በውሃ ቀስ ብላችሁ እጠቡት፤ እንጨቱን እንዳይነካው። በጥላ አድርቁት። ከዚያ ዕጣኑን እንደ አዲስ ቀቡት። ካልሆነ ጭራውን ለውጡት።

ሌላው የክረምቱ ነገር ነው። ጭራ እርጥበት ሲያገኝ ይረዝማል፣ ሲደርቅ ያጥራል። ደ ሶሱር የሚባል የጄኔቫ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1783 የአየር እርጥበት መለኪያ ሲሠራ የተጠቀመው በሰው ፀጉር ነበር፤ መርዘምና ማጠሩን አይቶ። በሐምሌና በነሐሴ ጭላሎ ጉም ለብሶ በሚውልበት ጊዜ የደጋናችሁ ጭራ የሚላላው ስለዚህ ነው። የማሲንቆው ቆዳም ያን ጊዜ ይላላል። ድምፁ የሚሞተው ከሁለቱም በኩል ነው። መፍትሔው ከምድጃው ራቅ አድርጎ ማሞቅ ነው። ራቅ አድርጎ አልኩ! ጭራ እሳት ከቀረበው ይጠወልጋል። የቫዮሊን ደጋን ጫፉ ላይ ጭራውን የሚያጠብቅና የሚያላላ ብሎን አለው፤ ተመትቶ ሲያበቃ ይላላል፣ እንጨቱ እንዲያርፍ። የኛ ደጋን ብሎን የለውም። ስለዚህ ቢያንስ ሰቅላችሁ አስቀምጡት፤ ከከባድ ዕቃ ሥር አይግባ፣ ልጆችም ጥጃ አይመልሱበት።

ልጁ ጊደሯን አልሸጠም። ሽማግሌው የደረቀ ክትክታ ሰጡት፤ አዲስ ጭራ አሰሩበት፤ በመጀመሪያው ሠርግ መታበት። ነገር ግን የማሲንቆው ቆዳ በእውነት የሳሳበት ቦታ አለ። ደጋን የማያድነው ማሲንቆም እንዳለ አትርሱ። ቆዳው ከተቀደደ ወይም ገበቴው ከተሰነጠቀ የዓለም ደጋን ቢመጣ አይፈውሰውም።

ስለ ጭራ አቆራረጥ ልንገራችሁና ይብቃኝ። ጭራ አይነቀልም፤ ፈረሱን ያምመዋል፣ ሲያምመው ደግሞ ይራገጣል። በመቀስ ወይም በስለታም ቢላዋ ይቆረጣል። ቀን ላይ፣ ፈረሱ ከሚያውቀው ሰው ጋር ሆናችሁ፣ ከጎን ቁሙ እንጂ ከኋላ አትቁሙ። ከጭራው ውስጠኛ ክፍል ረጃጅሙን ለይታችሁ በክር እሰሩ፤ ከእስሩ በላይ ቁረጡ። ሲቆረጥ እንዳይደባለቅ ሥሩ በአንድ በኩል፣ ጫፉ በአንድ በኩል ይሁን። ለአንድ ደጋን ከአውራ ጣት ያነሰ እስር ይበቃል። ከአንድ ፈረስ ብዙ አትውሰዱ፤ ዝንብ የሚከላከለው በዚያው ነው። ባለቤቱንም አስፈቅዱ፤ ፈረሱ በበቅል ጋጣ ጭራው ተቆርጦ ያደረ ሰው ምን እንደሚል ታውቃላችሁ።

በሚመጣው እሑድ ደጋን ያለው ደጋኑን ይዞ ይምጣ። ዕጣን አይጠፋም። እርሳስና ደብተርም አትርሱ፤ የያንዳንዱን ርዝመት እየለካን እንጽፋለን።